የሌላ ሰው ጨረቃ

በዚህ ነገር ውስጥ የገባነው ሰዎች እነዚህ ነን። መጀመሪያ ልጄ ሰሚራ፤ ያኔ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አትናገርም፣ አንዴ «አይሆንም» ካለች ግን አትመለስም። ቀጥላ እናቷ መዲና፤ ልጇን ከኔ አብልጣ የምታውቅ። ከዚያ መምህር ደረጀ፤ የሰሚራ የፊዚክስ አስተማሪና የትምህርት ቤቱ ሳይንስ ክበብ ኃላፊ፣ ቅን ሰው። ቅን ሰው ማለቴን እስከ መጨረሻው እንዳትረሱብኝ። ከዚያ ሐጂ ሙስጠፋ፤ ኮምቦልቻ ላይ ትልቅ የመስታወት መጋዘን ያላቸው፣ ሱቅ ከከፈትሁ ጀምሮ መስታወት የሚያቀርቡልኝ ነጋዴ። ከዚያ ሼህ እንድሪስ፤ የሆጤ ሰፈራችን ሽማግሌ፣ ለእርቅ ደጃፍ ከቆሙ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው የማያውቁ። በመጨረሻ እኔ፣ ይመር፤ ደሴ ፒያሳ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ሱቅ መስታወት ቆርጬ የማድር።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርሁ ልንገራችሁ። ትምህርት ያቋረጥሁት አባቴ ሲሞት ነው። ከዚያ ወዲህ የተማርሁት ሁሉ አስፋልት ዳር ጨርቅ ላይ ተዘርግተው ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት ነው፤ ሽፋን የሌለው ፊዚክስ፣ መሐሉ የተገነጠለ ሒሳብ። የተገነጠለውን ገጽ በግምት ሞላሁት። ስለዚህ እውቀቴ ቀዳዳ እንዳለው አውቃለሁ፣ ቀዳዳው የት የት እንደሆነ ግን አላውቅም። ልጆቼን በጥብቅ ነው ያሳደግሁ። እቤቴ ውስጥ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ስልክ አይነካም፤ ውሸት የተገኘበት ልጅ እኔን ቀና ብሎ ለማየት ሳምንት ይፈጅበታል። ሰፈሩ «ወታደሩ ይመር» ይለኛል። አንድም ቀን ወታደር ሆኜ አላውቅም።

ሰሚራ ቴሌስኮፕ ልሥራ ያለችኝ አንድ ክረምት ላይ ነው።

«ምን ያስፈልግሻል?» አልኋት።

«ሁለት ክብ ወፍራም መስታወት፣ አባ። ከዚያ ጉልበት።»

መስታወቱ ነበረኝ። አንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛውን ሲቀይር የወሰድሁት፣ እንደ ጣት የሚወፍር ስባሪ ከሱቄ ጓሮ ተቀምጦ ነበር። ሁለት ክብ ቆረጥሁላት። አንዱን አሸዋ በተሞላ በርሜል ላይ አስተኛነው፤ መሐላቸው ጥቁር የመሞረጃ ዱቄትና ውኃ አድርገን ሌላውን ከላይ እየገፋን እየሳብን በርሜሉን መዞር ጀመርን። ስትገፋ ትዞራለህ፣ ስትስብ ትዞራለህ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ በጓሮ በር ብቅ ብሎ፣ «ይመር፣ በሬ ጠፋና ነው አንተ ራስህ አውድማ የምትዞረው?» ይለኛል። ሰሚራ ትስቃለች፤ እኔ እቆጣለሁ፤ መዞሩ ይቀጥላል።

እንዲህ ሲፋተጉ የላይኛው መስታወት ይጎደጉዳል፣ የታችኛው ያብጣል። ማንም ሳያዛቸው ሁለቱም የኳስ ቁራጭ ይሆናሉ። በየትኛውም አቅጣጫ ብታንሸራትታቸው ሳይላቀቁ ሊገጥሙ የሚችሉት በዚያ ቅርጽ ብቻ ነውና። መምህር ደረጀ እየመጡ ያዩልን ነበር። «ጋሽ ይመር፣ በጣም አታጎድጉዱት» አሉ ደጋግመው። እኔ ደግሞ የመስታወት ነጋዴ ነኝ፤ ጎድጎድ ያለ መስታወት ፊት እንደሚያጎላ አውቃለሁ። ይበልጥ ከጎደጎደ ይበልጥ ያጎላል ብዬ እሳቸው ሲሄዱ ጨመርሁበት። ከዚያ በሬንጅና በቀይ የዝገት ዱቄት ስንወለውለው ከረምን። መምህሩ ዕቃ ካለቀበት የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ በተረፈ የብር ውህድ ፊቱን ቀቡልን። ሲደርቅ ፊቴን አየሁበት። የጺሜ ሽበት አንድ በአንድ ተቆጠረ። «ማሻአላህ፣ አለቀ» አልሁ። እኛ መስታወት ሻጮች የምናውቀው መፈተኛ ይኸው ነው፤ ፊትህን ታያለህ፣ ካማረ ትሸጣለህ።

የእውቀቴ ቀዳዳ እዚያ ላይ ነበር። ከቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ አስገብተን ጦሳ ተራራ ላይ ወዳለው የአንቴና ማማ ስናነጣጥረው የሚታየው ጭጋግ የለበሰ ነገር ነው። ዓይን የሚደረግበትን ሌንስ ወደ ውስጥ ስትገፋው ይደበዝዛል፤ ወደ ውጭ ስትስበው ሌላ ዓይነት ይደበዝዛል። የሚጠራበት ቦታ የለም። እኔ ቅቡን ወቀስሁ፣ ሌንሱን ወቀስሁ። መምህር ደረጀ ግን ባዶ የብረት ኩባያ አንስተው ፀሐይ ላይ አጋደሉት።

«እዩት፣ ብርሃኑ ግርጌው ላይ ምን እንደሠራ።»

ኩባያው ውስጥ እንደ ሁለት ቅንድብ ተገናኝቶ የሾለ የብርሃን መስመር ተኝቷል። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አስቤበት ግን አላውቅም።

«አንድ ነጥብ ላይ አልተሰበሰበም አይደል?» አሉ። «የኳስ ቅርጽ ጠባዩ ነው። ከጠርዙ የተመለሰው ብርሃን ቀረብ ብሎ ይሰበሰባል፤ ከመሐሉ የተመለሰው ራቅ ብሎ። ስለዚህ የትም ብታዩ አንዱ ወገን ይበላሽባችኋል። መስታወቱ በጎደጎደ ቁጥር ጉድለቱ ይብሳል። መፍትሔው መሐሉን ከፀጉር እጅግ ባነሰ መጠን ጠለቅ እያደረጉ መወልወልና በየጊዜው መለካት ነው። ሳምንታት ይፈልጋል።»

ሳምንታት አልነበሩንም። ኮምቦልቻ ላይ የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ትርኢት ሊከፈት ነበር፤ ያዘጋጁት ሐጂ ሙስጠፋ ናቸው። ከሁሉ የበለጠውን ሥራ ያመጣ ተማሪ አዲስ አበባ ሳይንስ በደንብ የሚያስተምር አዳሪ ትምህርት ቤት እስኪጨርስ በሳቸው ወጪ ይማራል፤ ለተማሪው ትምህርት ቤትም ቤተ ሙከራ ያሟላሉ። ሰሚራ ለዚህ ዕድል ነበር በርሜል ስትዞር የከረመችው። የምትማርበት ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ለሦስት ለአራት ነው የሚቀመጡት። የዚያን አዳሪ ትምህርት ቤት ፎቶ ከስልክ አሳትማ ከአልጋዋ ራስጌ ለጥፋዋለች። እናቷ ሻንጣዋን እንኳ አስባ ነበር።

ትርኢቱ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ መምህር ደረጀ የተጠቀለለ ትልቅ ባነር ይዘው ሱቄ ገቡ።

«ጋሽ ይመር፣ ምሥራች!» ብለው መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

ጉድጓዷ ሁሉ የሚቆጠር፣ ጥርት ያለች ጨረቃ ናት። ከሥሯ በትልልቁ «በሰሚራ ይመር ቴሌስኮፕ የታየች ጨረቃ» ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ያየሁት የልጄን ስም ነው። ስሟ እንዲያ ጎልቶ ተጽፎ ሳየው ደረቴ ሞላ። ገና ሌላውን ሳላስብ ሰሚራ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች ገባች። ቆማ አየችው።

«ይቺ የማን ናት?» አለች።

«ያንቺ ናታ!» ብለው ሳቁ መምህሩ።

«የኔ እንዲህ አትታይም፣ ቲቸር።»

«መስታወቱ ቢስተካከል እንዲህ ትታይ ነበር እኮ። ውሸት አይደለም፤ ያችው ጨረቃ ናት። ሁለት ጨረቃ የለም።»

«ጨረቃዋማ አንድ ናት። መስታወቱ ነው ሁለት የሆነው።»

መምህሩ ወደኔ ዞሩ። «ጋሽ ይመር፣ እርስዎ ይንገሯት። እዚያ የሚመጣው ሰው ባነር ነው የሚያየው። ማንም ሌንስ ላይ ዓይኑን አድርጎ አይመራመርም። ልጅቷ ዕድሉን ታግኝ፣ መስታወቱን በኋላ እናስተካክለዋለን።»

«ከየት ያመጡት ነው?» አልኋቸው።

«ከኢንተርኔት።»

«ይጠቅልሉት፣ መምህር።»

አልጠቀለሉትም። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «ምስሉን ለሐጂ ሙስጠፋ ትናንት በስልክ ልኬላቸዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እሳቸውም ለሚጋብዟቸው እንግዶች ልከው አሳይተዋል። ተደንቀዋል። አሁን ‹ተሳስተናል› ብል ለልጅቷም፣ ለትምህርት ቤቱም የተዘጋ በር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ኤሌክትሪክን በጠመኔ ሥዬ ነው ያስተማርሁት፣ ጋሽ ይመር። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልጆቹ ሽቦውን በእጃቸው ቢነኩት ብዬ ነው።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ትቆጣዋለህ? ሰሚራ ጓዳ ገብታ ከጫማ ካርቶን የቆረጠችው ክብ ነገር ይዛ መጣች፤ መሐሉ ቀዳዳ ነው።

«ጠርዙን በዚህ ስሸፍነው ጨረቃዋ ትጠራለች» አለች። «ትጨልማለች፣ ግን ትጠራለች። የሚበላሸው ከጠርዙ ነው ብለውን አልነበር? እኔ ይህንን ነው የማሳየው።»

«ያን ሁሉ መስታወት ሞርደሽ ግማሹን በካርቶን ልትከድኚው?» አሉ መምህሩ። «ይስቁብሻል፣ ልጄ።»

«ይሳቁ።»

በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ሙስጠፋ ደወሉልኝ። በስልክ አልተናገሩም፤ «ብቅ በል» ብቻ አሉኝ። ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወረድሁ። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ይቀበልሃል። ሐጂ መጋዘናቸው በር ላይ ሳጥን ሲያስወርዱ አገኘኋቸው። እጄን ይዘው ወደ ጥላ ወሰዱኝ።

«ይመር፣ መምህሩ አንድ ነገር ሹክ አለኝ። ልጅህ እምቢ አለች አሉ?»

«እምቢ ብላለች፣ ሐጂ። እኔም ከሷ ጋር ነኝ።»

«ስማኝ ወንድሜ። ስቱዲዮ ገብተህ ፎቶ ስትነሳ ፊትህን አያቆነጅልህም? ይህም እንደዚያ ነው።»

«ቢያቆነጅልኝም ፊቴ ነው፣ ሐጂ። ይሄ የሌላ ሰው ፊት ነው።»

ሳቁ። ከልባቸው ነበር የሳቁ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ከዚያ ሳቃቸውን ቆረጡት። «እንግዶቼ ከአዲስ አበባ እየመጡ ነው። ባነሩ አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሏል፤ መምህሩ ያሳየህ አንዱን ነው፣ እኔ ሌላ አሳትሜያለሁ። ልጅቷን ለመላክ ወስኛለሁ፤ ዳኞቹም እኔን ነው የሚሰሙት። ነገ ባነሯ ሥር ቆማ ዝም ትበል። ተናገሪ አልልም። ዝም ብቻ።»

«ዝምታዋም ንግግር ነው።»

«አንተ ሰው፣ ሐቅ ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው እንዴ? ደሴ ውስጥ መስታወት የሚቆርጥ አንተ ብቻ ነህ? እኔ የማልሸጥልህ ቀን ከማን ታመጣለህ?»

«አላህ ያውቃል» አልሁና ወጣሁ። ወደ ደሴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሱቄ ውስጥ የቀረውን መስታወት ስቆጥር እንደነበር ልደብቃችሁ አልፈልግም። የሰው ፊት ደፍሮ መናገርና ከዚያ በኋላ ሚኒባስ ውስጥ ብቻህን መቀመጥ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ገና አረፍ ከማለቴ «አሰላሙ አለይኩም፣ ቤቶች» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሼህ እንድሪስ ናቸው፤ ከኋላቸው መምህር ደረጀ የተጠቀለለውን ባነር ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ሐጂ ሙስጠፋ ልከዋቸዋል። ሼሁ ምን ሊሉኝ እንደመጡ ገና ሳይናገሩ አወቅሁ። የኛን አገር ወግ ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ሽማግሌ እቤትህ ለጉዳይ ሲመጣ ማዕድ ታቀርብለታለህ፤ እሱ ደግሞ የመጣበትን እሺ እስክትለው እጁን አይዘረጋም። ምግቡ መሐላችሁ ይቀመጣል። እምቢ ብለህ ሽማግሌው ሳይቀምስ ከወጣ፣ ሰፈሩ አንተን በዚያ ማዕድ ነው የሚያስታውስህ።

መዲና የነበራትን ሁሉ አቀረበች፤ ትኩስ ዳቦ፣ ማር፣ እርጎ። ሼሁ አዩት፣ አልነኩትም።

«ይመር፣ የመጣሁት ለልጅህ ነው» አሉ። «አንድ ሰው ሊያስተምርልህ ሲል በምስል ምክንያት በር ትዘጋለህ? ጨረቃዋን አላህ ነው የፈጠራት፤ የማንም ሥራ አይደለችም። እሺ በለኝና ዳቦህን ልቅመስ።»

መዲና ከበሩ ጥግ ሆና፣ «የሰሚራ አባት» አለችኝ በለሆሳስ። «ለአንድ የባነር ላስቲክ ብለህ ልጄን እዚሁ ልታስቀራት ነው? አንተ የተማርኸው አስፋልት ዳር ነው፤ እሷም እንዳንተ ትሁን?»

ያቺ ቃል ጠለቀችኝ። ግትርነቴ ለሐቅ ይሁን ለራሴ ክብር ለቅጽበት መለየት አቃተኝ። ልጄን ጠራኋት።

«ሰሚራ፣ ነገሩ ያንቺ ነው። ሼሁ ፊት ተናገሪ። የምትይውን እኔም እላለሁ።»

«ሼህ፣» አለች፣ «መጀመሪያ ይዩልኝ። ከዚያ የሚሉትን ይበሉኝ።»

ጨረቃዋ ገና በቀን ግማሽ ሆና ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ በላይ ወጥታ ነበር። ሼሁ ጋቢያቸውን ሰብስበው ግቢ ወጡ። ጎንበስ ብለው ሌንሱ ላይ ዓይናቸውን አደረጉ፤ ቆዩ።

«ወተት ውስጥ የወደቀች ትመስላለች» አሉ።

ሰሚራ ካርቶኑን ቱቦው አፍ ላይ ገጠመችው። «አሁንስ?»

«ሱብሃነላህ! ጠራች። ጨለመች ግን ጠራች። እዚህ ጫፏ ላይ ያለው ቁስል የመሰለው ምንድን ነው?»

«ተራራና ጉድጓድ ነው።»

ብዙ አዩ። ቀና ሲሉ መምህሩ የያዙትን ባነር አዘረጉትና እሱንም አዩት። «ልጄ፣ የነገውን እንዲህ ብናደርገውስ? ስምሽን እንፋቀው። ጨረቃዋ ዝም ብላ ትሰቀል። ያኔ ማንም አልዋሸ።»

ለኔ ብልህ ሐሳብ መሰለኝ። እሺ ልል አፌ ተከፍቶ ነበር።

«ከኔ ቴሌስኮፕ በላይ ከተሰቀለች፣ ሼህ፣ የሚያየው ሰው ምን ያስባል?» አለች ሰሚራ።

ሼሁ እኔን አዩኝ። «አንተስ?»

«እሷ እንዳለችው ነው፣ ሼህ። አይሆንም።»

ወደ ቤት ተመልሰው ከዘራቸውን አነሱ። መዲና ማልቀስ ጀመረች። «ሼህ፣ ትንሽ ይቅመሱ፣ በአላህ!»

«እሺ ሳልባል አልቀምስም፣ መዲና። ወጉ ነው፤ እኔ ላፈርሰው አልችልም» አሉ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሙ። «እርግማን የለኝም፣ ይመር። ዱዓም አላደርግልህ፤ የተላክሁበትን አልፈጸምህልኝምና። ልጅቷ ግን ያሳየችኝን አይቻለሁ።»

ዳቦው እስኪደርቅ ተቀመጠ። እኔም አልነካሁት።

እሑድ ቴሌስኮፑን ከልጄ ጋር በጉልበታችን ላይ አጋድመን በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ረዳቱ «ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ መድፍ ነው?» አለ፤ ሰው ሳቀ፤ እኛ አልሳቅንም። አዳራሹ ውስጥ በተመደበልን ጠረጴዛ ላይ ያ ባነር ተሰቅሏል፤ መምህሩ ካመጡት በእጥፍ ይተልቃል። ሰሚራ ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ ወጣች። ባነሩን ፈታ ገለበጠችውና ጀርባውን መልሳ ሰቀለችው። ነጩ ጀርባ ላይ በማርከር የተቆረጠ ኳስ ሣለች፤ ከጠርዙ የሚመለሱት መስመሮች ቀርበው፣ ከመሐሉ የሚመለሱት ርቀው ሲገናኙ። ከሥሩ ጻፈች፦ «ይህ ቴሌስኮፕ ያደበዝዛል። ለምን እንደሚያደበዝዝ ጠይቁኝ።»

ጠጋ አልኋት። «ሰሚራ፣ ቢያንስ ‹ያደበዝዛል› የሚለውን ዝቅ አድርገሽ…»

«አባ፣ ‹ውሸት የተገኘበት ልጅ እኔን ቀና ብሎ አያይም› ያልኸን አንተ ነህ።»

ወንበሩን ያዝሁላት።

ቴሌስኮፑን በመስኮቱ በኩል ወደሚታይ ተራራ ጠርዝ አነጣጠረችው። ሰዉ እየሳቀ መጣ፤ ሰልፍም ሠራ። ልጆች ናቸው መጀመሪያ የመጡት። ካርቶኑን ስታነሳና ስትገጥም፣ «አሁን ደበዘዘ! አሁን ጠራ!» እያሉ ጮኹ። አንዲት ነርስ ነኝ ያለች ሴት ሁለቴ ሰልፍ ያዘች። ትንሽ ቆይቶ ሐጂ ሙስጠፋ ከነእንግዶቻቸው ደረሱ። የተገለበጠውን ባነር ሲያዩ ቆሙ።

«ማነው ይህን የገለበጠ?»

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ» አለች ሰሚራ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ኮት የለበሰ ሰውዬ፣ ጽሑፉን አንብቦ ፈገግ አለ። «እና ያልተሳካልሽን ሥራ ነው ይዘሽ የመጣሽው?»

«አዎ። እንዴት እንዳልተሳካም ይዤ መጥቻለሁ። ይዩት።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ። ካርቶኑን አስነስቶ አየ፣ አስገጥሞ አየ። ከዚያ ወደ ሐጂ ዞሮ፣ «ታዲያ በስልክ የላኩልን ጨረቃ በምን የታየች ናት?» አለ።

የሐጂ ፊት ጠቆረ። እኔን አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው፤ ዓይኔን አልሰበርሁም። ያኔ መምህር ደረጀ ከሰልፉ መሐል ወጡ። ላብ በላብ ሆነዋል።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ከኢንተርኔት አውርጄ ያሳተምሁት እኔ ነኝ። ሐጂ ሲቀበሉት የኛ መስሏቸው ነው። ልጅቷ ገና ስታየው ነው እምቢ ያለችው።»

ሐጂ እውነቱን ካወቁ አንድ ቀን ሆኗቸው ነበር፤ መምህሩ ያንን አልተናገሩም፤ ለሐጂ ተከላከሉላቸው። እኔም አልተናገርሁም። ሐጂ እንግዶቻቸውን ይዘው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ። ዕድሉን ጫጩት የሚያስፈለፍል ሳጥን የሠራ አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ አገኘው። ሳጥኑ ይሠራል፤ ልጁም ይገባዋል። ሰሚራ አጨበጨበችለት። ቱቦውን ተሸክመን ወደ መናኸሪያ ስንሄድ ግን ሳታስበው እንባዋ ወረደ።

«ቆጨሽ?» አልኋት።

«ትምህርት ቤቱ ቆጭቶኛል» አለች። «ባነሩ አልቆጨኝም።»

አንባቢዎቼ፣ በተለይ ወላጆች፣ አሁን እናንተን ነው የማናግረው። ሐቅ የያዘ በመጨረሻ ያሸንፋል ብዬ ልጽፍላችሁ እችል ነበር። እኛ አላሸነፍንም። አዳሪ ትምህርት ቤቱ አልተገኘም፣ በኋላም የተሻለ ዕድል እያንኳኳ አልመጣም። ሰሚራ እዚያው ደሴ፣ እዚያው የተጨናነቀ ወንበር ላይ ተምራ ጨረሰች፤ አሁን የፈተና ውጤት እየጠበቀች ነው። መስታወቱን መሐሉን እየወለወልን ነው፤ አንድ ጊዜ አብዝተን ወልውለነው ከመጀመሪያው ጀመርን። ዛሬ ከበፊቱ ይሻላል፣ ፍጹም ግን አይደለም። ሰው ሲመጣ ፍጹም አይደለም ብለን ነው የምናሳየው።

እኔን የለወጠኝ ይህ ነው። እስከዚያ ቀን ልጆቼን የምጠይቃቸው «ስንት አመጣህ? ስንተኛ ወጣሽ?» እያልሁ ነበር። ይህ ጥያቄ ራሱ ባነር ያሳትማል። ልጅ የሚያጭበረብረው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እኛ ጥርት ያለችውን ጨረቃ ብቻ ለማየት ስለምንቸኩል ነው። እንደ መምህር ደረጀ ያለ ቅን ሰው እንኳ በዚህ ችኮላ ሊወድቅ ይችላል። ወድቆም፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ሊነሳ ይችላል። አሁን የምጠይቃቸው «የቱ ጋ ነው ያደበዘዘብህ?» ብዬ ነው። ቤቴ ውስጥ ጥብቅነቴ አልቀነሰም፤ ቦታውን ነው የቀየረ። መስታወት ሊገዛ የሚመጣ ሰውም ፊቱን አይቶ «ጥሩ ነው» ሲለኝ፣ «ጠርዙንም እየው» እለዋለሁ። አንዳንዱ ይናደድብኛል። ይናደድ።

«በትንሽ ነገር ይህን ያህል?» ለሚሉኝ ደግሞ፣ አዎ፣ ይህን ያህል። ልጄ በስሟ የሌላ ሰው ጨረቃ ተሰቅሎላት ብትሄድ ኖሮ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ የምትማረው ሁሉ ከዚያች ጨረቃ ሥር ይሆን ነበር። ነገ ተመሳሳይ ባነር ቢያመጡልን አሁንም እንገለብጠዋለን።

ሒሳቡን ሳልደብቅ ላስቀምጠው። ሰሚራ የአዲስ አበባ ትምህርቷን ከፈለች። መዲና ለልጇ ያሰበችውን ሻንጣ። መምህር ደረጀ የሳይንስ ክበብ ኃላፊነታቸውን፤ ልጆቹም ሽቦውን በእጃቸው ሳይነኩ ቀሩ፤ ኤሌክትሪክ ዛሬም በጠመኔ ነው። ሐጂ ሙስጠፋ እንግዶቻቸው ፊት የነበራቸውን ክብር፣ እኔ የሐጂን መጋዘንና ወዳጅነት። መስታወት አሁን ከሩቅ ነው የማመጣው፤ መንገድ ላይ የሚሰበረው የኔ ነው። ሼህ እንድሪስ ባዶ እጃቸውን ያልተመለሱ ሽማግሌ መባላቸውን፣ እኔ ደግሞ ሆጤ ውስጥ የሽማግሌ ቃል የሚያከብር ሰው መባሌን። ድምሩ ይኸው ነው። ከባድ ነው፤ ሁላችንም ከፍለነዋል። አንዱንም መልሱልኝ አልልም።